በጥርሶቼ መሀል የጠፋው ድድ እና የጄል መርፌው፦ ከመወጋታችሁ በፊት አስለኩ

ይሄን የምጽፈው ልክ እንደኔ በሁለት ጥርስ መሀል ያለው ድድ ሸሽቶ ጥቁር ሶስት ማዕዘን የመሰለ ክፍተት ለወጣባችሁ እና ጄል በመርፌ ቢገባበት ይሞላል ሲባል ሰምታችሁ ለጓጓችሁ ነው። እኔ ሁለት ቦታ ተወግቻለሁ። የመጀመሪያው ቦታ ማንም ምንም ሳይለካ ወጋኝ እና በሁለት ወር ውስጥ ወደነበርኩበት ተመለስኩ። ሁለተኛው ጋ ግን ከሶስት ክፍተት አንዱ በደንብ ሞላልኝ፣ አንዱ በግማሽ፣ ሶስተኛውን ደሞ ሀኪሙ እኔ አልነካውም አሉኝ እና ልክ ነበሩ። የሁለቱ ልዩነት ምን እንደሆነ ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ብዙ ጊዜ እና ብዙ ለቅሶ ይቀርልኝ ነበር፣ ለዛ ነው ዘርዘር አድርጌ የምናገረው።

ከመነሻው ልጀምር። ጥርሴን ስቦርሽ ድዴ ይደማ ነበር፣ ለዓመታት። ብሩሹ ጠንካራ ስለሆነ ነው እያልኩ አለፍኩት፣ አያምም ነበራ። የድድ በሽታ ክፋቱ ይሄ ነው፣ አያምም፣ ዝም ብሎ ከስር አጥንቱን ይበላል። በመጨረሻ ሄጄ ስታይ ድዴ ስር እንደ ድንጋይ የደረቀ የጥርስ ቆሻሻ ተጋግሮ ሞልቷል ተባለ እና ማደንዘዣ እየተወጋሁ በሁለት ቀጠሮ ጥልቅ እጥበት ተደረገልኝ። ከዛ በሶስት ሳምንት ውስጥ ፊት ለፊት ጥርሶቼ መሀል ድሮ ያልነበረ ክፍተት አየሁ፣ ላይ ሁለት ታች አንድ። በዛን ሰሞን ምን ያህል እንደተናደድኩ አልነግራችሁም፣ እጥበቱን የሰራልኝን ሰው ድዴን ቆርጠህ ጣልከው ብዬ ልጮህበት ነበር። አሁን ግን እንደዛ እንዳልሆነ ገብቶኛል እና ብዙ ሰው እዚህ ላይ ስለሚሳሳት ልንገራችሁ፦ ድዴ ድሮ ቦታውን የሸፈነው ጤነኛ ስለነበረ አይደለም፣ አብጦ ነው። እብጠቱ ሲወርድ ከስር ያለው እውነት ታየ፣ አጥንቱ ቀድሞ ሄዷል። እጥበቱ ክፍተቱን አልፈጠረውም፣ ገለጠው። እና እባካችሁ ክፍተት እንዳይመጣብኝ ብላችሁ እጥበት የምትሸሹ ካላችሁ አትሽሹ፣ ሳይታጠብ የቆየ ድድ መጨረሻው ክፍተት ሳይሆን ጥርስ መነቃነቅ ነው።

(በሽታ ሳይኖርባቸውም ይሄ የሚመጣባቸው አሉ። ጥርሳቸው ተደራርቦ የነበረ እና በብሬስ ማለትም በጥርስ ማስተካከያ ሽቦ ያስተካከሉ አዋቂዎች ላይ በጣም የተለመደ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ አንድ ጥናት ላይ ብሬስ ካደረጉ አዋቂዎች 38 በመቶ የሚሆኑት ላይ ታይቷል። ጥርሳቸው ድዱ ጋ ጠበብ ጫፉ ጋ ሰፋ ያለ፣ ማለት የሶስት ማዕዘን ቅርፅ ያለው ሰውም ይጋለጣል። ጥርስ ተነቅሎ ኢምፕላንት ማለትም አጥንት ውስጥ የሚተከል ሰው ሰራሽ ጥርስ የገባላቸው ሰዎችም ኢምፕላንቱ ጎን።)

ክፍተቱ ሲያዩት ትንሽ ነው ግን ኑሮዬን ነክቶት ነበር። ስናገር በተለይ ስ እና ጽ ያለበት ቃል ላይ አየር ያፏጫል፣ ምራቅ ይረጫል፣ የበላሁት ሁሉ እዛ ይገባል። ስራዬ ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ማውራት ስለሆነ አፌን በእጄ እየከለልኩ ማውራት ጀመርኩ እና አንዲት የስራ ባልደረባዬ አፍሽን ያምሻል እንዴ አለችኝ። ከዛን ቀን በኋላ ነው መፍትሄ ፍለጋ የገባሁበት።

የመጀመሪያው ቦታ የውበት ስራ ላይ የሚያተኩር ነበር፣ ስሙን አልጠራም። ፎቶ አሳዩኝ፣ በፊት እና በኋላ፣ በጣም ያምራል። ተኝቼ አፌን ከፈትኩ፣ ሶስቱንም ክፍተት በአንድ ቀጠሮ ወጉልኝ፣ አስራ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ኤክስሬይ የለም፣ ድዴን በመለኪያ ነክቶ ያየ የለም፣ ከዚህ በፊት የድድ በሽታ ነበረብሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝም የለም። ስነሳ መስታወት ሰጡኝ እና ክፍተቶቹ ሞልተው ነበር! አለቀስኩ ከደስታ ብዛት። ግን ያ ያየሁት ሙላት ግማሹ ከመርፌው ያበጠ ነው፣ ማደንዘዣውም ራሱ ፈሳሽ ስለሆነ ድዱን ይነፋዋል። በሳምንቱ ቀነሰ፣ በሁለት ወሩ ምንም እንዳልተደረገ ሆነ። ደውዬ ስነግራቸው ድጋሚ ነይ እንሙላልሽ ነው መልሱ።

አልሄድኩም። አንድ ጓደኛዬ የድድ ስፔሻሊስት ማለትም ፔሪዮዶንቲስት ጋ ሂጂ ብላ ወተወተችኝ እና ሄድኩ። ሀኪሙ በእድሜ ገፋ ያሉ ናቸው፣ ተረጋግተው ነው የሚያወሩት። የመጀመሪያ ቀን ምንም አልወጉኝም። ኤክስሬይ አነሱኝ፣ በእያንዳንዱ ጥርስ ዙሪያ መለኪያዋን እያስገቡ ቁጥር እየጠሩ ረዳታቸው ትጽፋለች፣ ከዛ ትንሽ አደንዝዘው በሶስቱ ክፍተት ላይ መለኪያዋን እስከ አጥንቱ ድረስ ገፍተው ለኩ። ጨርሰው ወረቀት ላይ ሁለት ጥርስ ሳሉልኝ።

"አየሽ ልጄ" አሉኝ፣ "ሁለቱ ጥርሶች የሚነካኩባት ነጥብ እዚህ ነች። አጥንቱ ደሞ እዚህ ነው። በመሀላቸው ያለው ርቀት ነው ድዱ ይሙላ አይሙላ የሚወስነው እንጂ መርፌው አይደለም።"

ቀጥለው የነገሩኝ ነገር ነው ሁሉን የቀየረልኝ። ታርኖው የሚባል የድድ ሀኪም ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጣው ጥናት አለ፣ ከመነካኪያዋ ነጥብ እስከ አጥንቱ ያለው ርቀት 5 ሚሊ ሜትር ወይ ከዛ በታች ሲሆን በጥርሶቹ መሀል የሚገባው ሾጣጣ ድድ፣ ፓፒላ የሚሉት፣ ከሞላ ጎደል ሁሌ ሙሉ ሆኖ ይገኛል፣ 98 በመቶ። 6 ሚሊ ሲሆን ወደ 56 ይወርዳል። 7 ሚሊ ሲሆን 27 በመቶ። አያችሁ አንዲት ሚሊ ሜትር ምን እንደምታደርግ? ድድ ከአጥንቱ ላይ ተነስቶ የሚወጣበት ልክ አለው፣ አጥንቱ ከወረደ ድዱም ተከትሎ ይወርዳል፣ ከላይ ምንም ብትጨምሩበት የሚቆምበት መሰረት የለውም። እዛ ላይ ቦታው ጠባብ ነው፣ ደም የሚደርሰውም በትንሹ ነው፣ ለዛ ነው ፓፒላ አንዴ ከጠፋ መመለስ የድድ ሀኪሞችን ሁሉ የሚያስቸግራቸው።

የኔ ልኬት ይሄ ነበር፦ ላይ ከመሀል ወደ ቀኝ ያለው 5 ሚሊ፣ ላይ ሁለቱ የፊት ጥርሶች መሀል ያለው 6፣ ታች ያለው 8። የመጀመሪያዎቹ ሰዎች እነዚህን ሶስቱንም እንደ አንድ ነገር ነው በአንድ አይነት የወጉት።

ዶክተሩ ታችኛውን አልነካም አሉ በቃ። ለመንኳቸው እንኳ። "ገንዘብሽን ተቀብዬ ውሃ ላይ መጻፍ ነው የሚሆንብኝ" አሉኝ። ላይኛዎቹን ሁለቱን ግን እንሞክር፣ ከዛ በፊት ግን ሶስት ወር ድድሽን አይቼ ነው አሉ። ምክንያቱም የሚደማ ወይ ያበጠ ድድ ላይ አይወጋም፣ ኢንፌክሽን ካለ ያባብሳል፣ ደሞ ድዱ ገና እየተቀያየረ ስለሆነ ምን እንደተሞላ አይታወቅም። ሶስት ወሩን በየቀኑ በጥርስ መሀል የምትገባዋን ትንሽ ብሩሽ ተጠቀምኩ (ክፍተት ላለው ሰው ከጥርስ ማጽጃ ክር ይልቅ እሷ ናት የምትሻለው፣ ግን ሳይዟ ልክ መሆን አለበት፣ ተገፍታ የምትገባ ከሆነ ራሷ ፓፒላውን ትጎዳዋለች፣ ሳይዙን ሀኪም ይምረጥላችሁ)። ስትቦርሹም ወደጎን እየፈገፈጋችሁ አትጫኑት። መድማቱ ሙሉ በሙሉ ቆመ።

አሁን ስለ ጄሉ ራሱ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ድድ የሚያበቅል መድኃኒት ነው ብሎ ያስባል፣ እኔም እንደዛ ነበር የመሰለኝ። ሃያሉሮኒክ አሲድ ነው የሚባለው። አሲድ ሲባል አትደንግጡ፣ በሰውነታችን ውስጥ በተፈጥሮ ያለ ነገር ነው፣ ቆዳ ውስጥ፣ መገጣጠሚያ ውስጥ፣ አይን ውስጥ፣ ድድም ውስጥ አለ፣ መጀመሪያ የተገኘውም እ.ኤ.አ. በ1934 ከከብት አይን ውስጥ ነው። ስራው ውሃ ይዞ ማቆየት ነው። ለመርፌ የሚሆነው ደሞ ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ እንዲያያዙ ተደርጎ ወፈር ያለ ጄል ስለሆነ ቶሎ አይሟሟም፣ ከንፈር እና ፊት ላይ ፊለር እየተባለ የሚወጋው አይነት ማለት ነው። ድድ ውስጥ ሲገባ ቦታ ይይዛል፣ ውሃ ይስባል፣ ፓፒላውን ወደ ጥርሶቹ መነካኪያ ይገፋዋል። አጥንት አይመልስም። ሰውነት ቀስ በቀስ ያፈርሰዋል፣ ስለዚ በወራት ውስጥ መቀነሱ የማይቀር ነው፣ አንዳንዱ ሰው ላይ ዓመት እና ከዛ በላይ ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ትንሽ የሙከራ ጥናት ነበር 11 ሰዎች ላይ 14 ቦታ ተወግቶ ከ6 እስከ 25 ወር ድረስ ተከታትለው ጥሩ ውጤት ያገኙበት፣ ብዙ ሀኪም መሞከር የጀመረው ከዛ ወዲህ ነው። ግን ልብ በሉ 11 ሰው ነው። ከዛ በኋላም ብዙ ተሰርቷል፣ አብዛኛው ግን በጥቂት ሰው ላይ ለአጭር ጊዜ የተደረገ ነው፣ ስለዚ ለዘላለም ይሞላል የሚላችሁን ሰው አትመኑት።

የመወጋቱ ቀን እንዲህ ነበር። አደነዘዙኝ፣ ሲሪንጁ በጣም ቀጭን ነው፣ ከፓፒላው ጫፍ 2 ወይ 3 ሚሊ ያህል ራቅ ብለው ነው መርፌውን ያስገቡት፣ ጫፉ ላይ አይደለም። በጣም በጣም ቀስ ብለው። የሚገባው መጠን ያስገርማል፣ ከ0.2 ሚሊ ሊትር በታች ነው፣ ጥቂት ጠብታ ምናምን ማለት ነው። ሲገባ ህመም ሳይሆን ግፊት ነው የሚሰማው፣ ጥርስ መሀል የሆነ ነገር የተሰነቀረ አይነት። ድዱ ለአፍታ ነጣ አለ፣ ዶክተሩ ወዲያው ቆሙ፣ ቀለሙ እስኪመለስ ጠብቀው ነው የቀጠሉት። ከዛ በጣታቸው ቀስ አድርገው አሹት። ያን ቀን ቦታውን እንዳልቦርሽ፣ በማግስቱ በለስላሳ ብሩሽ እንድጀምር፣ ትኩስ እና ጠንካራ ነገር ለጥቂት ቀን እንድተው ነገሩኝ። ሁለት ቀን ትንሽ አበጠ፣ ሲነካ ያማል፣ ከዛ ለቀቀ።

በአንዴ አያልቅም። በሶስት ሳምንት ልዩነት ሶስት ጊዜ ነው የተወጋሁት። ሁሌ ከመወጋቴ በፊት ከአንድ አይነት ርቀት፣ በአንድ አይነት መብራት ፎቶ ያነሱኝ ነበር፣ መለኪያዋን ጎን አድርገው። ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል ግን ትልቅ ነው፣ አይን ይሸነግላል፣ ሰው የከፈለበትን ነገር ማመን ስለሚፈልግ ያልሞላውን ሞላ ይላል። እኔ መሀለኛው ሙሉ በሙሉ የሞላ መስሎኝ ፎቶው ግን ግማሽ ነው አለ።

ውጤቱ፦ 5 ሚሊ የነበረው ከሁለተኛው መርፌ በኋላ ነው የሞላው፣ በጣም ትንሽ ነጥብ ብቻ ቀረች፣ ስናገርም አያፏጭም። 6 ሚሊ የነበረው ወደ ግማሽ ሞልቶ ቆመ፣ ሶስተኛው መርፌ ብዙም አልጨመረለትም። በዘጠነኛው ወር ስንለካ የመጀመሪያው በደንብ ቆሟል፣ መሀለኛው ከሞላው ላይ መቀነስ ጀምሮ ነበር። ልክ ቁጥሩ እንዳለው።

እዚህ ጋ ነው ዶክተሩ ሁለተኛውን ትልቅ ነገር ያስተማሩኝ። ያንን የመጀመሪያ ቀን የሳሉልኝን ስዕል መልሰው አወጡት። "ርቀቱ ሁለት ጫፍ አለው" አሉኝ። እኛ እስካሁን ስንታገል የነበረው ድዱን ወደ ነጥቧ ለማምጣት ነው፣ ነጥቧን ወደ ድዱ ማምጣትስ? ለካ ይቻላል። ሁለት መንገድ አለው። አንዱ የጥርሱን ጎን በጣም በትንሹ ሞርዶ፣ ከላይኛው ሽፋን ላይ ከአንድ ሚሊ ሜትር እጅግ ያነሰ ማለት ነው፣ ጥርሶቹን በብሬስ ወይ በግልፅ ፕላስቲክ አላይነር ማቀራረብ ነው፣ ያኔ ጥርሶቹ በነጥብ ሳይሆን በረዘም ያለ መስመር ይነካካሉ እና መነካኪያው ወደ ድዱ ይጠጋል። ሌላው ቦንዲንግ ነው፣ ጥርስ የሚመስለውን ኮምፖዚት ጎንና ጎኑ ላይ ለጥፎ ቅርፁን መቀየር። እኔ መሀለኛውን በቦንዲንግ አሰራሁት። አንድ ቀጠሮ ነው፣ መርፌም የለውም። ክፍተቱ ተዘጋ። ግን የኮምፖዚቱ ጠርዝ ድዱ ጋ ሲደርስ በደንብ ካልለሰለሰ ቆሻሻ ይይዛል እና ድዱን መልሶ ያሳምመዋል፣ ስለዚ የሚሰራላችሁ ሰው እጁ ጥሩ መሆን አለበት፣ ከተሰራ በኋላም ክር አስገብታችሁ ሳይበጠስ ሳይቧጠጥ መውጣቱን እዛው ወንበሩ ላይ ሳላችሁ ሞክሩ።

ከሌላ የአፍ ቦታ ስጋ ወስዶ የሚደረግ ኦፕራሲዮንም አለ፣ ጠየቅኳቸው፣ ከጥርስ መሀል ይልቅ ድዱ ሸሽቶ ስሩ ለተጋለጠ ጥርስ ነው የበለጠ የሚሳካው አሉኝ እና ለኔ አልመከሩትም።

ስለ አደጋው ሳልናገር አላልፍም። የፊለር መርፌ ሲባል ሰው ቀላል አድርጎ ያየዋል። ጄሉ የደም ስር ውስጥ ከገባ ወይ የደም ስር ከተጫነ የዛ አካባቢ ስጋ ደም ያጣል። ብዙ ጊዜ አይከሰትም ግን ሲከሰት ቀልድ የለውም። ከተወጋችሁ በኋላ ድዱ ወይ ከንፈሩ ወይ ፊት ላይ ቆዳው ነጥቶ ከቀረ፣ ወይ እንደ መረብ ሆኖ ከጠቆረ፣ ህመሙ እየባሰ ከሄደ፣ አይን ላይ ብዥታ ካለ፣ ነገ ይሻለኛል ብላችሁ አትደሩ፣ በዛው ሰዓት ነው መመለስ ያለባችሁ። ሃያሉሮኒዴዝ የሚባል ይሄን ጄል የሚያሟሟ መድኃኒት አለ፣ የሚወጋችሁ ሰው እጁ ላይ ሊኖረው ይገባል። እኔ የመጀመሪያው ቦታ ይኖራቸው ነበር ወይ ብዬ ሳስበው አሁንም ይዘገንነኛል። ሃያሉሮኒክ አሲድ ያልሆነ ፊለር ደሞ በዚህ መድኃኒት አይሟሟም፣ ስለዚ የሚወጉት ምን እንደሆነ ስሙን ከነካርቶኑ አሳዩኝ በሉ። ብዙ ቦታ እነዚህ ጄሎች የተፈቀዱት ለፊት እንጂ ለድድ ስላልሆነ ሀኪሙ በራሱ ሀላፊነት ነው የሚጠቀመው፣ ይሄንንም ሳይደብቅ ሊነግራችሁ ይገባል፣ የኔው ሀኪም ነግረውኛል። እርጉዝ ከሆናችሁ ወይ የምታጠቡ ከሆነ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ፣ ስኳር ኖሮባችሁ ካልተቆጣጠራችሁት፣ ሳትጠየቁ ቀድማችሁ ተናገሩ። ሲጋራ የምታጨሱም እንደዛው፣ ሲጋራ ድድን ራሱ ስለሚጎዳ የምትሞሉት ነገር ሁሉ ከስር እየፈረሰ ነው የሚሄደው። ራሳቸው ገዝተው ራሳቸውን የሚወጉ ሰዎች እንዳሉ ሰምቼ ደንግጫለሁ፣ እባካችሁ እባካችሁ እንዳታደርጉት።

ቀጠሮ ስትይዙ መጀመሪያ የምትጠይቁት ፎቶ አይሁን። ከመነካኪያዋ እስከ አጥንቱ ስንት ሚሊ ነው ብላችሁ ጠይቁ። ይሄን ጥያቄ ስትጠይቁ ሀኪሙ ቁጥር ከሰጣችሁ ወይ እንለካው ካለ ጥሩ ቦታ ናችሁ። ፊቱን ካጠቆረ ወይ ይሄ አያስፈልግም ካለ ተነስታችሁ ሂዱ።

እኔ አሁን ከመጨረሻው መርፌ አስራ አራተኛ ወሬ ላይ ነኝ። ቀኙ ትንሽ ቀንሷል ግን ስናገር አየር አያወጣም፣ ዶክተሩ ዓመት ተኩል ሲሞላ አንዴ እንጨምርበታለን ወይ ደሞ እሱንም በቦንዲንግ እንጨርሰዋለን ብለውኛል፣ ገና አልወሰንኩም። ታችኛው እንደነበረ ነው፣ 8 ሚሊ። ማታ ማታ ትንሿን ብሩሽ አስገብቼ አጸዳዋለሁ፣ አይደማም፣ ባለፈው ሲለካም ከ8 አልጨመረም።